«ጠንካራ ናት» ብሎ ማለፍ ይበቃል?

ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግሁት ልዩ ፍላጎት ያላቸውን ልጆች ስለሚያሳድጉ እናቶች ነው። ርዕሱን ያገኘሁት ከክፍል ሳይሆን ከሰፈሬ ነው።

አዳማ ፍራንኮ አካባቢ፣ ከተከራየሁበት ግቢ ጎን፣ እንጀራ እየጋገሩ ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ አንዲት እናት ይኖራሉ። ልጃቸው 13 ዓመቱ ነው። አይራመድም፤ ለመቀመጥም የሚደግፈው ሰው ይፈልጋል፤ ሲናገር ደግሞ የሚገባቸው እሳቸው ብቻ ናቸው። ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ምጣድ ይጥዳሉ፤ ምክንያቱም ልጁ ከነቃ በኋላ እጃቸው ነጻ አይሆንም። ሲነጋ ያጥቡታል፣ ያለብሱታል፣ ምግቡን አላልመው በማንኪያ ያጎርሱታል። ትን እንዳይለው ቀስ ማለት ስላለባቸው አንዱ ምግብ ብቻ አንድ ሰዓት የሚፈጅበት ቀን አለ። ሐኪም ቤት የሚሄዱ ዕለት ተሸክመውት እስከ አስፋልቱ ይወጡና ባጃጅ ይለምናሉ። አንዳንዱ ባጃጅ ይቆምና ልጁን ሲያይ ጥሎ ይሄዳል።

የሰፈሩ ሰው ስለ እሳቸው የሚለው አንድ ነው፤ «ወይ ጥንካሬ!» እኔም እንደዚያው እል ነበር። አንድ ቀን ቡና ላይ «እትዬ፣ እንደርስዎ ጠንካራ ሰው አይቼ አላውቅም» አልኳቸው። ሲኒውን እያቀበሉኝ «ጠንካራ ሆኜ መሰለህ ልጄ? ልድከም ብልስ ማን ይዞልኝ ልድከም?» አሉኝ።

ምን ብዬ ልመልስ? ዝም አልኩ። ይህን ጽሑፍ እንዳዘጋጅ ያነሳሳኝም ይህ ጥያቄያቸው ነው። እኛ የምናደንቀው ጥንካሬ አንዳንዱ አማራጭ ማጣት ነው። እውነተኛው ጥንካሬ ደግሞ ለአንዳንድ እናት ብቻ ከላይ የተሰጠ ጸጋ ሳይሆን ከዕውቀት፣ ከገንዘብ፣ ከእረፍትና ከሰው የሚሠራ ነገር ነው። እነዚህ ሲኖሩ እናት ትቆማለች፣ ሲጠፉ የፈለገ ብትወድ ትሰበራለች። ይህንን በማስረጃ ለማሳየት እሞክራለሁ። (የውጭ አገር ሥራዎችን ዓመተ ምሕረት የጻፍኩት እ.ኤ.አ. መሆኑ ይታወቅልኝ።)

ልዩ ፍላጎት ስንል ምን ማለታችን ነው?

እንደሚታወቀው «ልዩ ፍላጎት» የሚለው አነጋገር ብዙ ዓይነት ልጆችን አንድ ላይ ይይዛል። ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፣ የአካል ጉዳት ያለባቸው፣ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው፣ ኦቲዝም ያለባቸው ሁሉ በዚህ ስም ይጠራሉ። ለእናት ግን የእያንዳንዱ ሥራ ለየብቻ ነው። መስማት የተሳነው ልጅ እናት አዲስ ቋንቋ መማር አለባት፤ ኦቲዝም ያለበት ልጅ እናት በር ተከፍቶ እንዳይወጣባት ቀኑን ሙሉ ዓይኗን አትነቅልም፤ የጎረቤቴ ልጅ ዓይነት ችግር ያለበት ልጅ እናት ደግሞ በየዓመቱ እየከበደ የሚሄድ ሰውነት ታነሳለች።

የጎረቤቴ ልጅ ያለበት ሴሬብራል ፓልሲ ይባላል። በማደግ ላይ ያለ አንጎል ከመወለድ በፊት፣ በምጥ ጊዜ ወይም በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ዓመታት ሲጎዳ የሚከሰት የእንቅስቃሴና የሰውነት አቋም ችግር ነው። ከምክንያቶቹ መካከል ያለጊዜው መወለድ፣ በተራዘመ ምጥ ሕፃኑ አየር ማጣቱ፣ በጊዜው ያልታከመ የአራስ ሕፃን ቢጫ መሆንና እንደ ማጅራት ገትር ያሉ ኢንፌክሽኖች ይገኙበታል። በአንጎል ላይ የደረሰው ጉዳት ራሱ እየሰፋ አይሄድም፤ ሆኖም ልጁ ሲያድግ ጡንቻው እየተኮማተረ መገጣጠሚያው ሊታጠፍ ስለሚችል በየቀኑ ማፍታታትና በትክክል ማስቀመጥ ያስፈልገዋል። ይህንን የሚያደርገው ማን ነው? እናት ናት።

ዳውን ሲንድረም የተለየ ነው። ጥንድ መሆን የነበረበት 21ኛው ክሮሞሶም ሦስት ሆኖ ሲገኝ የሚመጣ ሲሆን ይህንን ፈረንሳዊው ዤሮም ለዠንና የሥራ ባልደረቦቹ በ1959 አሳውቀዋል። የኅብለ ሰረሰር ክፍተት (ስፓይና ቢፊዳ) ደግሞ የጽንሱ የነርቭ ዘንግ በመጀመሪያዎቹ 28 ቀናት ገደማ ሳይዘጋ ሲቀር ይከሰታል። ልብ በሉ፣ በዚያን ጊዜ ብዙ ሴቶች ማርገዛቸውን እንኳ አያውቁም። ፎሊክ አሲድ ከእርግዝና በፊት ጀምሮ ቢወሰድ ይህንን አደጋ በብዙ ይቀንሰዋል። በእርግዝና ጊዜ የአዮዲን እጥረት መኖሩም የልጁን የአእምሮ እድገት ሊጎዳ ይችላል፤ መከላከያው ግን አዮዲን ያለው ጨው ነው።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ከላይ ያሉትን ምክንያቶች ደግማችሁ ብታዩዋቸው አንዱም ውስጥ የእናት ኃጢአት አታገኙም። አንዳንዱ ማንም የማያዝዝበት ነው። አንዳንዱ ደግሞ በወቅቱ አዋላጅ፣ ክኒን ወይም አዮዲን ያለው ጨው ቢገኝ ኖሮ ሊቀር ይችል የነበረ ነው። ይኸኛው ዕዳ የእናት ብቻ ሳይሆን የሁላችንም ነው።

ጥፋቱ የማን ነው የሚባለው?

ነገር ግን በየሰፈሩ የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው። «ምን አድርጋ ይሆን?» ይባላል። እርግማን ነው የሚል አለ፤ ቡዳ በልቶት ነው የሚል አለ፤ እግዜር ሲቆጣ ነው የሚልም አይጠፋም። አባትየው «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ የለም» ብሎ ጥሎ የሚሄድበት ቤት ጥቂት አይደለም። እዚህ ላይ እንዳትሳሳቱብኝ፤ እናቶች ልጃቸውን ይዘው ጸበል ወይም መስጊድ መሄዳቸውን እየነቀፍኩ አይደለም። ለብዙዎቹ ሰው ሳይገላምጣቸው የሚቀመጡበት ብቸኛው ቦታ እሱ ነው። የሚጎዳው «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ነው።

ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ መስሎን ከሆነ ተሳስተናል። በትምህርት የገፋው ዓለምም እናትን ከስሷል፣ ያውም በሳይንስ ስም። ሊዮ ካነር የተባለው ሐኪም በ1943 ስለ 11 ልጆች በጻፈው ጥናት ኦቲዝምን ለዓለም ሲያስተዋውቅ ወላጆቻቸው ሞቅ ያለ ፍቅር የማያሳዩ እንደሚበዙባቸው አብሮ ጠቅሶ ነበር። ከዚያ በኋላ «ማቀዝቀዣ እናት» የሚል ስያሜ መጣ፤ ልጁ ኦቲዝም የያዘው እናቱ እንደ ፍሪጅ ስለቀዘቀዘችበት ነው እንደማለት። ብሩኖ ቤትልሃይም በ1967 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንን ሐሳብ ይበልጥ አሰራጨው። በእነዚያ ዓመታት ስንት እናት «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» እያለች እንዳለቀሰች አስቡት።

ታዲያ ይህን ሐሳብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ሆኖ የተቃወመው ማን መሰላችሁ? አባት ነው። በርናርድ ሪምላንድ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሲሆን ልጁ ኦቲዝም ነበረበት። በ1964 ባሳተመው መጽሐፍ ችግሩ ከአንጎል እንጂ ከእናት ጠባይ እንዳልሆነ ተከራከረ፤ በተከታዩ ዓመትም ከሌሎች ወላጆች ጋር በአሜሪካ የወላጆች ማኅበር አቋቋመ። በእንግሊዝ ወላጆች ከዚያ ቀደም ብለው በ1962 ተደራጅተው ነበር፤ ከእነሱ መካከል የነበረችው ሎርና ዊንግ ራሷ ሐኪምም እናትም ነበረች። በ1977 ደግሞ ፎልስታይንና ራተር መንትዮችን አጥንተው ኦቲዝም ከዘር ውርስ ጋር ጠንካራ ግንኙነት እንዳለው አሳዩ። ክሱ ቀስ በቀስ ወደቀ። ወላጆች ተሰብስበው ባይናገሩ ኖሮ ከዚያም በላይ ይቆይ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ የልጆች የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች ልጆቻቸውን የሚያሳክሙ 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ ነበር። ግማሽ የሚጠጉት በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራት አንዱ ያህል ደግሞ ሁኔታውን ከሰው ለመደበቅ እንደሚሞክሩ ተናግረዋል። ከሁሉ በላይ ምን እንደሚጎድላቸው ሲጠየቁ ደግሞ ከአራት ሦስቱ ያህል የልጃቸውን ትምህርት ጠቅሰዋል። እንግዲህ ተመልከቱ፤ እኛ «ጽናቱን ይስጥሽ» እንላለን፣ እነሱ የሚጠይቁት ትምህርት ቤት ነው።

ጥንካሬ ከምን ይሠራል?

በክፍል ውስጥ ስለ ቤተሰብ ውጥረት ስንማር የሩበን ሂል ስም ይነሳል። ሂል ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ አባቶች ዘምተው የተመለሱባቸውን ቤተሰቦች አጥንቶ በ1949 መጽሐፍ አወጣ። የገረመው ነገር አንድ ዓይነት ችግር የደረሰባቸው ሁለት ቤተሰቦች አንዱ ሲፈርስ ሌላው መቆሙ ነበር። ማብራሪያውን በኛ ፊደል ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብለን እናስቀምጠው። «ሀ» የደረሰው ነገር ነው። «ለ» ቤተሰቡ በእጁ ያለው አቅም ነው፤ ገንዘብ፣ ዘመድ፣ ዕውቀት፣ ጤና። «ሐ» ለደረሰው ነገር የሚሰጠው ትርጉም ነው። «መ» ቀውሱ ነው። ቀውስ መምጣት አለመምጣቱን የሚወስነው «ሀ» ብቻውን አይደለም፤ ከ«ለ» እና ከ«ሐ» ጋር ተደምሮ ነው።

ይህንን ወደ አዳማ እናምጣው። ሁለት እናቶች አንድ ዓይነት ልጅ አላቸው እንበል። የመጀመሪያዋ እህቷ አጠገቧ አለች፣ ባሏ ማታ ልጁን ያጥባል፣ ሐኪሙ የልጁን ችግር ስምና ምክንያት ቁጭ ብሎ አስረድቷታል። ሁለተኛዋ ተከራይ ናት፤ ባለቤቷ ሄዷል፤ አከራይዋ ልጁ ሌሊት ሲጮህ ቤት እንድትለቅ ትነግራታለች፤ የልጁን ችግር ስም እስካሁን የነገራት የለም። «ሀ» አንድ ነው፣ ሕይወታቸው ግን ለየቅል። ሁለተኛዋ ብትወድቅ «ደካማ ነበረች» እንላለን። እውነቱ ግን «ለ» የሚባለው ነገር አልነበራትም።

ማከቢንና ፓተርሰን በ1983 አንድ ነገር ጨመሩበት። ችግር አንድ ጊዜ መጥቶ አያበቃም፣ ይደራረባል። ልጁ ሲወለድ የነበረው ድንጋጤ አለ፤ በላዩ የሕክምና ወጪ ይመጣል፤ በላዩ እናት ሥራ ማቆሟ፤ በላዩ የወንድሙ «ለእኔ ጊዜ የለሽም» ማለቱ፤ በላዩ የወገብ ሕመም። ስለዚህ አንዲትን እናት በ3ኛው ዓመት አይተን «ለምዳዋለች» ብንል ስህተት ነው። ልጁ 13 ዓመት ሲሆነው ክብደቱ የ3 ዓመት ልጅ ክብደት አይደለም፣ የእናትየዋ ወገብም ያኔ የነበረው ወገብ አይደለም።

ሌላው ልናውቀው የሚገባ ነገር ሐዘን ነው። ሳይመን ኦልሻንስኪ በ1962 ባወጣው ጽሑፍ የእነዚህ ወላጆች ሐዘን እንደ ለቅሶ ሐዘን በጊዜ ብዛት የሚያልቅ ሳይሆን እየተመላለሰ የሚመጣ መሆኑን ገለጸ፤ ይህም በሽታ ሳይሆን ተፈጥሯዊ ስሜት እንደሆነ አስረዳ። ለካ እሱ ነው ነገሩ! ጎረቤቴ ዓመቱን ሙሉ ሲስቁ ከርመው መስከረም ላይ ፊታቸው ይለወጣል። የሰፈሩ ልጆች አዲስ ዩኒፎርም ለብሰው በበራቸው ሲያልፉ ነው። እኛ ደግሞ «ምነው፣ እስከዛሬ ችለውት!» እንላለን። መቻልና ማዘን አብረው ይኖራሉ።

የወ/ሮ ዘሚ የኑስ ታሪክ ምን ያስተምረናል?

በአገራችን ስለዚህ ጉዳይ ሲነሳ የወ/ሮ ዘሚ የኑስን ስም ሳይጠሩ ማለፍ አይቻልም። ወ/ሮ ዘሚ በወጣትነታቸው ከአገር ወጥተው በጣሊያን፣ ቀጥሎም በአሜሪካ የኖሩ የውበት ሙያ ባለሙያ ነበሩ። ወደ አገራቸው ተመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ኒያና የተባለ የውበት ሙያ ማሠልጠኛ ከፈቱ። ሥራቸው የሠመረ ነበር። ልጃቸው ግን ኦቲዝም ነበረበት፤ በከተማዋም ይዞ የሚያቆየው ትምህርት ቤት አጡ። በዚያን ጊዜ «ኦቲዝም» የሚለውን ቃል የሚያውቀው ሰው በጣት የሚቆጠር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2002 ኒያ ፋውንዴሽንን መሠረቱ፤ በሥሩም በአገራችን ለኦቲዝም የመጀመሪያ የሆነውን ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ከፈቱ። በሬድዮና በቴሌቪዥን እየቀረቡ ስለ ልጃቸው በግልጽ ተናገሩ። የአማርኛን ፊደል አካሄድ መሠረት አድርገው «አቡጊዳ ፎኔቲክስ» ያሉትን የማንበብ ማስተማሪያ ዘዴ አዘጋጁ። ብዙ እናቶች ልጃቸውን ከጓዳ ያወጡት የእሳቸውን ድምፅ ከሰሙ በኋላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አሁን በሂል ቀመር እንያቸው። «ሀ» ከሌሎቹ እናቶች የተለየ አልነበረም። «ለ» ግን ነበራቸው፤ የራሳቸው ሥራ፣ ውጭ አገር ያዩት ልምድ፣ ደፍሮ የመናገር አቅም። «ሐ» ላይ ደግሞ ትልቁን ሥራ ሠሩ፤ «ቅጣት ነው» የሚለውን ትርጉም «ልጄ መማር የሚችልበት መንገድ የተለየ ነው» በሚል ለወጡት። ስለዚህ «እንደ ዘሚ ጠንካራ ሁኚ» ብሎ እንጀራ ጋጋሪዋን መምከር ፍትሕ አይደለም። ከእሳቸው መማር ያለብን ሌላ ነገር ነው። ያላቸውን አቅም ለልጃቸው ብቻ አላዋሉትም፤ ለማያውቋቸው እናቶች «ለ» እንዲሆን አደረጉት። ልጁን ጠዋት ተቀብሎ ከሰዓት የሚመልስ ማዕከል ለአንዲት እናት ምን ማለት ነው? ሥራ መሥራት ማለት ነው፤ መታጠብ ማለት ነው፤ መተኛት ማለት ነው።

ወ/ሮ ዘሚ በግንቦት 2013 ዓ.ም. በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅት ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። የእነዚህ እናቶች የሁሉም ትልቁ ፍርሃት አንድ ነው፦ «እኔ ብሞትስ ማን ይይዘዋል?» ጎረቤቴም ይህንን ጥያቄ የሚያነሱት በሹክሹክታ ነው። አንዲት እናት የፈለገ ብትጠነክር ለዚህ ጥያቄ ብቻዋን መልስ ልታመጣለት አትችልም። መልስ የሚሆነው እናትየዋ ካለፈች በኋላም የሚቆይ ተቋም፣ ማኅበር፣ ሰፈር ሲኖር ነው። ወ/ሮ ዘሚ ይህ ገብቷቸው ነበር ብዬ አምናለሁ።

ብቻቸውንም አልነበሩም። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከል በወላጆች የተቋቋመ ነው። የአእምሮ እድገት ውስንነት ላይ የሚሠራው ብሔራዊ ማኅበርም የወላጆች ጥረት ውጤት ነው። የቀድሞው አፈ ጉባኤ አቶ አባዱላ ገመዳና ቤተሰባቸው ደግሞ ዳውን ሲንድረም ባለባት ልጃቸው ስም ዲቦራ ፋውንዴሽንን መሥርተዋል። አንድ የታወቀ አባት በአደባባይ «ልጄ» ብሎ መናገሩ ጥለው ለሚሄዱ አባቶች ትምህርት ይሆናል።

በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞችስ?

እንዳያችሁት የጠቀስኳቸው ማዕከላት መነሻቸው አዲስ አበባ ነው። አዳማ ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች፤ ባቱ (ዝዋይ) 160 ገደማ፣ ሻሸመኔ 250 ገደማ። በካርታ ላይ ቅርብ ነው። ልጅ ተሸክማ ለምትሄድ እናት ግን ሌላ ነው። ሌሊት ተነስታ መናኸሪያ መድረስ አለባት፤ ልጁ መቀመጥ ስለማይችል የሁለት ሰው ትከፍላለች፤ በዚያ ቀን እንጀራ አልጋገረችም፤ ደንበኛዋ ከሌላ ገዝቷል። ለአንድ ቀጠሮ የሦስት ቀን ገቢ ሊሄድ ይችላል። ከዚያ «በየሳምንቱ ይምጡ» ትባላለች። ሁለት ጊዜ ሄዳ ሦስተኛውን ስትቀር ካርዷ ላይ «አቋርጣለች» ተብሎ ይጻፋል። ማን ነው ያቋረጠው?

በእኛ አካባቢ ምንም የለም ማለቴ አይደለም። ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት አለ። በአንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ክፍሎች አሉ። በሕግ በኩልም ብዙ ተጽፏል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅም በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን እንዲረዳ ይደነግጋል። ትምህርት ሚኒስቴር በ1998 ዓ.ም. የልዩ ፍላጎት ትምህርት ስትራቴጂ አውጥቶ በ2004 ዓ.ም. አሻሽሎታል። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። ወረቀቱ አለ። የጎደለው ከወረቀቱ እስከ ፍራንኮ ያለው መንገድ ነው።

ይህ መንገድ የግድ ትልቅ ሆስፒታል መሥራት አይጠይቅም። የዓለም ጤና ድርጅት የእድገት መዘግየት ላለባቸው ልጆች ተንከባካቢዎች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የቡድን ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ጉብኝቶች ብቻ ያሉት ነው። የሚመራውም ስፔሻሊስት ባልሆኑ ሰዎች ነው። እናቶች ከልጃቸው ጋር በጨዋታና በቤት ሥራ እንዴት እንደሚግባቡ፣ አስቸጋሪ ጠባይን እንዴት እንደሚይዙ፣ የራሳቸውንም ጤና እንዴት እንደሚጠብቁ ይማሩበታል። ሥልጠናው ከተሞከረባቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ናት። እንዲህ ያለው ነገር በአንድ የቀበሌ አዳራሽ ውስጥ ሊካሄድ ይችላል። አዳማን በመሰሉ ከተሞች ደግሞ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም መሰጠት ይኖርበታል፤ እናት በምታለቅስበት ቋንቋ ካልተነገራት ትምህርቱ ሆድ ውስጥ አይገባም።

እኛስ ምን እናድርግ?

ውድ አንባቢያን፣ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። ሸክሙ አንድ ነው፣ የሚለወጠው የተሸካሚው ቁጥር ነው። ከተማሪ አቅም በላይ ያልሆኑ ጥቂት ነገሮችን ልጠቁም።

አንደኛ፣ አድናቆቱን ወደ ጥያቄ እንለውጠው። «ጎበዝ ነሽ» ከማለት «በቀን ውስጥ በጣም የሚከብድሽ የቱ ሰዓት ነው?» ብለን እንጠይቅ። መልሱ ብዙ ጊዜ ትንሽ ነገር ነው። ውኃ መቅዳት፣ ልጁን ከፍራሽ ወደ ወንበር ማንሳት፣ መድኃኒት ቤት ደርሶ መመለስ።

ሁለተኛ፣ መጀመሪያ ከእናትየዋ እንማር። ስለዚያ ልጅ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ባለሙያ የለም። እኔ ለጎረቤቴ ልጅ ምግብ ለመስጠት ስሞክር አንገቱን ወደ ኋላ አጋድዬ ነበር። ቀጥ ብሎ መቀመጥ፣ አገጩም ትንሽ ዝቅ ማለት እንዳለበት፣ አለዚያ ትን እንደሚለው ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። ይህን በመጽሐፍ ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስተኛ፣ አንደበታችንን እንጠብቅ። ልጁ በስሙ ይጠራ። «ምን አድርገሽ ነው?» የሚለው ጥያቄ ከአፋችን ይውጣ። ሲጠየቅ ከሰማንም ዝም አንበል፤ ምክንያቶቹን ከላይ አይተናቸዋል።

አራተኛ፣ ዕድር አለን። ዕድር ለቀብር ድንኳንና ወንበር ካለው በሕይወት ላለች እናት በወር አንድ ቀን ተራ የሚገባ ሰው ቢያዘጋጅ ምን ይለዋል? ለቤተሰቦቻችን ብናነሳው የሚሰማን እናገኛለን።

አምስተኛ፣ ለዲፓርትመንታችን አንድ ሐሳብ አለኝ። ለተግባር ልምምድ ስንወጣ በአዳማና በአካባቢው ባሉ ከተሞች ለእነዚህ ልጆች የሚሆን ክፍል፣ ሕክምናና ማኅበር የት የት እንዳለ መዝግበን በሁለቱም ቋንቋ አንድ ገጽ ብናዘጋጅ፣ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ ሊለጠፍ ይችላል። ወጪው የፎቶ ኮፒ ብቻ ነው።

በመጨረሻም ስለ ጎረቤቴ ልጨርስ። ከክፍላችን ሁለት ልጆች ሆነን ቅዳሜ ከሰዓት ልጁን ለሁለት ሰዓት መያዝ ጀምረናል። እሱ ሙዚቃ ይወዳል፤ ሬድዮ ስንከፍት በእጁ ወንበሩን ይመታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ እናትየዋ ገበያ ይወጣሉ ወይም ዘመድ ይጠይቃሉ ብለን ጠብቀን ነበር። የትም አልሄዱም። «ካስቸገራችሁ ጥሩኝ» አሉና ጓዳ ገብተው ተኙ። ሁለቱ ሰዓት አልቆ ሦስተኛው ሲጋመስም አልቀሰቀስናቸውም።

ቸር ይግጠመን።